ሰባተኛው ጤነኛ

ጁን 14፣ 2021፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥናቱ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የጉበት አልትራሳውንድ ምስሎች፣ የሥራ ማስታወሻ» ብዬ በትልቁ ጽፌ በቀይ አሰመርኩበት። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሙሉ ሥራ ላይ ያለው ቀዩ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ደብተሩን ለሌላ ጉዳይ አዛውሬዋለሁ። የሚያነበው ስለሌለ ማንም አይከሰኝም።

ለመዝገብ ያህል፦ የዓለምወርቅ እባላለሁ፣ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ጆሀንስበርግ፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ የሰው ሆድ ዕቃ አያለሁ። ሲቲ ማሽኑ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለኮቪድ ሳንባ ብቻ ስለሆነ ጉበቱን የታመመ ሰው የሚደርሰው አልትራሳውንድ ነው። ጥናቱን አብሮኝ የሚሠራው ጌዴዎን ደግሞ ኢንጂነር ነው። ለዶክትሬቱ ብሎ የአልትራሳውንዱን ምስል አይቶ ለጉበት ከዜሮ እስከ አራት ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም እየጻፈ ነው። ዜሮ ጤነኛ፣ አራት ደግሞ ጠባሳ ብቻ የቀረው ጉበት። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው፦ ጤነኛ ጉበት ምስሉ ላይ ከጎኑ ካለው ኩላሊት እምብዛም አይለይም፤ ሁለቱም ይጠቁራሉ። ስብ ሲገባበት ይነጣል። ጠባሳ ሲይዝ ይሻክራል፣ ዳርቻውም ይጎረብጣል። እኔ ይህን በዓይኔ ለመለየት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ፕሮግራሙ በሦስት ወር ለመደው። አላኮረፍኩም።

በሽታን እንዲለይ ጤንነትንም ማየት ነበረበት። ችግሩ በወረርሽኝ ጊዜ ጤነኛውን ሰው ሆስፒታል ና ቢሉት፣ ጤነኛ ስለሆነ አይመጣም። ከሠራተኛው ሃያ ሰው ለቀምን፦ ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ አንድ የወጥ ቤት ኃላፊ። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ዝርዝር እኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጌዴዎን የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው።

ዛሬ ደወለ። ልጁ እዚሁ ጆበርግ ስላደገ አማርኛው ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር፤ አሁን ያሳርፈኛል።

«ዶክ፣ ጤነኞቹ ውስጥ ሰባት ቁጥር ፕሮብሌም አለው። ሁለት ነጥብ ሰባት ነው የሚሰጠኝ።»

«ፕሮግራሙ ነው» አልኩት።

«ሌሎቹ ሁሉ ከዜሮ ነጥብ አምስት በታች ናቸው እኮ።»

«እንግዲያው ሰባተኛውን ብቻ ጠምዶ ይዞታል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፕሮግራሙ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉም ይሳሳታል።

ጁን 17፣ ሐሙስ

እስከ ምሳ አርባ ሦስት የሳንባ ፎቶ። ብርድ። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሰው ሁሉ «ሦስተኛው ማዕበል፣ ሦስተኛው ማዕበል» ይላል፣ ባሕር ዳር እንደተቀመጠ። ቤት ገብቼ ወጥ ሠራሁ፣ በቀይ ወይን። ለወጡም ትንሽ ደረሰው።

ጁን 22፣ ማክሰኞ

አቶ አቢሶ መጡ። የሆሳዕና ሰው ናቸው። ቴምቢሳ የሚባል ሠፈር ውስጥ ስፓዛ አላቸው፦ ከመኖሪያ ቤት ጋር የተጣበቀች ሱቅ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነው ዳቦና የስልክ ካርድ የሚሸጡባት። በፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ናቸው። የሠፈራቸው ክሊኒክ ደማቸውን አይቶ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ አለብዎት ብሏቸዋል። ይህ የሆነው ከስምንት ወር በፊት ነው። ስምንቱን ወር ወረቀቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ተቀምጧል።

«ለምን እስከዛሬ ቆዩ?»

«ሥራ ነው፣ ዶክተር።»

«ስምንት ወር ሙሉ?»

ጣሪያውን አዩ። ለአልትራሳውንዱ የሚቀባውን ቀዝቃዛ ጄል ሆዳቸው ላይ ሳደርግ «ኤሽ!» አሉ፤ የዚህ አገር ሰው ሲደነግጥ የሚለው ነው፣ ከደንበኞቻቸው ለምደውታል። ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አገር ቤት ቢሆን የወፍ በሽታ ተብሎ ያልቅ ነበር፤ ጥፋቱ የወፏ ነው። እዚህ ግን ጉበት የታመመ ሰው ጠጪ ነው።

«ሽማግሌ ሆኜ ጉበቴን ካልኩ ማን ያምነኛል? በሕይወቴ አንድ ብርጭቆ አልቀመስኩም። ዱካሞ አለ፣ ከእኔ ጋር የሚያገለግል። ባለፈው እሑድ ‹አቢሶ ዓይኑ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ጌታ ያውቃል› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እየሳቀ ነው። ግን ብሏል።»

ጉበታቸው ሸካራ ነው፤ ዳርቻው እንደ ኮረኮንች መንገድ። ፕሮግራሙ ሦስት ነጥብ አንድ አለ። እኔም ሦስት ብዬ ነበር። ተስማማን። ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው።

«አቶ አቢሶ» አልኳቸው፣ «ሰው ምን ይለኛል ብሎ ሕመምን መደበቅ ከእርስዎ አይጠበቅም። ሐኪም ፊት የሚያሳፍር ነገር የለም። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ጠባሳው እንዳይብስ ይይዘዋል። ግን መምጣት አለብዎት።» በጣም አሳምሬ ነው የተናገርኩት። ለጉበት ክሊኒክ ለጁላይ 13 ቀጠሮ አስያዝኩላቸው።

ጁን 27፣ እሑድ

መንግሥት መጠጥ መሸጥ ከለከለ። ወረርሽኙ ከገባ አራተኛው ነው። ዓላማው የድንገተኛ ክፍልን አልጋ በስካር ከተጎዳ ሰው አስለቅቆ ለኮቪድ ለመስጠት ነው። እንደ ሐኪም ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ዓርብ ዕለት አሥራ ሁለት ጠርሙስ ገዝቻለሁ። ለወጥ። ትንቢት አይደለም፤ ጋዜጣ አነባለሁ።

እሸቱ ቢኖር ይስቅ ነበር። ባለቤቴ «ለሁለት ሰው በሳምንት አንድ ጠርሙስ፣ እሱም እንግዳ ከመጣ» የሚል ሰው ነበር። በጃንዩዋሪ፣ በሁለተኛው ማዕበል፣ ሞተ። የሳንባውን ምስል ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሐኪም ያንብበው ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ትክክል ነበር ያነበብኩት።

ጁላይ 3፣ ቅዳሜ

ፕሮግራሙ በከንቱ እንዳይወቀስ ሰባተኛውን ደግሜ አነሳሁ። ራሴን ማለት ነው። ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ጋደም አልኩ፣ በቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር ምስል የሚያነሳውን ፕሮብ ያዝኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞርኩት፤ ለጥናቱ ገለልተኝነት ሲባል። ምስሉ በቀጥታ ወደ ጌዴዎን ኮምፒውተር ሄደ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት ላከ፦ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።

ምክንያቶች፦ አንደኛ፣ ለምርመራው የሚያስፈልገውን ስድስት ሰዓት ሳልጾም ነው የተነሳሁት። ሁለተኛ፣ ጄሉ አሮጌ ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ራሱን ሲያነሳ አቅጣጫው ይጣመማል። ጥሩ ምክንያቶች ናቸው። አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ አምነው ነበር።

ጁላይ 6፣ ማክሰኞ

አገሩ ሁሉ አናናስ ይገዛል። በስኳርና በእርሾ አስቀምጦ ቤቱ የሚጠምቅ በዝቷል ይላሉ። የገበያው ሴትዮ ከክልከላው ወዲህ አናናስ ቀድሞ እንደሚያልቅባት ነገረችኝ። እኔም ባለፈው ሳምንት አምስት ወስጃለሁ፣ ለቫይታሚን ሲ። እርሾውን የገዛሁት ለዳቦ ነው። ዳቦ የመጋገር ሐሳብ አለኝ።

ኖምቩላ አሥራ አንድ ዓመት አብራኝ የሠራች ነርስ ናት። ዛሬ ከአንድ ታካሚ በኋላ አልጋውን እየጠረገች፣ ሳታየኝ፦

«ዶክተር፣ ሳኒታይዘር ታበዢያለሽ።»

«ወረርሽኝ ነው እኮ።»

«ሁላችንም የምንቀባው ከአንድ ጄሪካን ነው። ያንቺ ብቻ አናናስ አናናስ ይላል።»

ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ጁላይ 8፣ ሐሙስ

ሁለት ማስክ ደራርቤ መዋል ጀምሬያለሁ። ባለሙያዎች ይመክሩታል።

ጁላይ 13፣ ማክሰኞ

የቀድሞው ፕሬዚዳንት ታሰሩ ተብሎ በተነሳ ሁከት ከተማው እየነደደ ነው። ሱቅ ይሰበራል፣ ይዘረፋል፤ የእኛ ሰዎች ጅምላ ከሚገዙበት ከጀፕስታውን በኩል ጭስ ይታያል። ግማሹ ሠራተኛ አልመጣም። አቶ አቢሶም ለቀጠሯቸው አልመጡም። ደወልኩ።

«ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ዶክተር። ከውስጥ ቆልፌ።»

«ምን እያደረጉ?»

«እየጸለይኩ። ውጭ ደግሞ ጎረቤቶቼ ቆመውልኛል። ጎጎ የምንላት አሮጊት ጎረቤቴ ወንበሯን አውጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ሰማንያ ዓመት ይሆናታል። ‹ይሄን ሱቅ ከዘረፋችሁ ነገ ዳቦ ከየት ልትገዙልኝ ነው?› እያለች ትጮህባቸዋለች።»

«ቀጠሮዎ ዛሬ ነበር።»

«ጉበቴ ይጠብቀኛል። ሱቁ አይጠብቀኝም።»

«ጉበት አይጠብቅም፣ አቶ አቢሶ። ዝም ስላለ የሚጠብቅ ይመስላል እንጂ አይጠብቅም። ሲናገር ጊዜው አልፏል።»

ስልኩን ዘጋሁ። የተናገርኩትን ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩ።

ጁላይ 16፣ ዓርብ

ጌዴዎን በአካል መጣ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ላፕቶፑን ከፈተ።

«ዶክ፣ ሰባት ቁጥርን ነገርሽው?»

«ማንን?»

«ሰውየውን! ኤቲክስ ፎርማችን ላይ አለ እኮ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ጤነኛ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ላይ አንድ ነገር ካገኘን ይነገረዋል። ሁለቴ አነሳሽው፣ ሁለቴም ሲክ ነው።»

«ስልክ አያነሳም።»

«የዚሁ ሆስፒታል ሰው አይደል? ሄደሽ ንገሪው።»

«ሥራ ይበዛበታል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

አሰብኩ። «ክፉ ሰው አይደለም።»

«ይጠጣል?»

«ፎርሙ ላይ ‹አልፎ አልፎ› ብሎ ሞልቷል።»

«አሃ» አለ ጌዴዎን። «አልፎ አልፎ።» ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይህን ድምፅ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ዶክ፣ ሚስት ወይ ልጅ የለውም? ለነሱ ብትነግሪስ?»

«ማንም የለውም» አልኩ። ፈጥኜ ነው ያልኩት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስለ ማሽኑ ኬብል አወራን።

ጁላይ 22፣ ሐሙስ

አቶ አቢሶ መጡ። ሱቃቸው ተርፏል። ክሊኒኩ ትናንት አይቷቸው ክኒኑን አስጀምሯቸዋል። ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፣ ልጃቸውን የሚያስተዋውቁ ይመስል።

አንድ ነገር ፈልገዋል። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደብዳቤ። በአማርኛ፣ ማኅተም ያለው።

ጻፍኩ፦ «አቶ አቢሶ የታመሙት በቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ የሚተላለፍ ሲሆን ከመጠጥ ጋር ግንኙነት የለውም። ታካሚው አልኮል አይጠጡም።»

ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እያስኬዱ አነበቡት። «‹ፈጽሞ› የሚል ይጨመርልኝ። ‹ፈጽሞ አይጠጡም›።»

ጨመርኩ። ማኅተሙን ሳደርግ እጄን ያዩ መሰለኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እርስዎስ ደኅና ነዎት፣ ዶክተር? ከስተዋል።»

«ሥራ ነው» አልኩ።

እኔም በተራዬ ጣሪያውን አየሁ። እዚያ ጣሪያ ላይ የውኃ እድፍ አለ፤ ለካ ታካሚዎቼ ሁሉ የሚያዩት እሱን ነው።

ጁላይ 26፣ ሰኞ

ክልከላው ተነሳ። ከሥራ በኋላ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ሦስተኛው ሰው ከጥናቱ ታካሚዎች አንዱ ነበር፤ በሜይ ጉበቱን አንብቤ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳትነካ» ያልኩት። ዞር ሲል ተያየን። ሁለታችንም ማስካችንን ወደ ዓይናችን ሳብ አደረግን። ወረርሽኙ እንዲህ ያለ ጥቅምም አለው።

ኦገስት 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ፍልሰታ ገባ። ለሥራውም ለጾሙም ሲባል ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ጭንቅላቴ የሌላ ሰው ይመስላል። ላብ ላብ ይለኛል።

የጥናቱ ዋና ቀን ነበር። ጌዴዎን ስድሳ ምስሎችን፣ የታመመውንም የጤነኛውንም፣ ቁጥሩን ፍቆ፣ ቀላቅሎ፣ እንደ ካርታ በውዞ ሰጠኝ። ማን እንደሆነ ሳላውቅ በዓይኔ አይቼ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ከዚያ የኔና የፕሮግራሙ ይመሳከራል። ሙያው የሚያውቀው ሐቀኛ መንገድ ይህ ብቻ ነው። ሰውየውን ካወቅሽው ታዝኚለታለሽ፤ ካዘንሽለት ምስሉን አታይም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ስድሳ ጉበት። ለእያንዳንዱ ነጥብ፣ ከሥሩ አንድ መስመር አስተያየት። ደስ አለኝ ብል ማን ያምናል? ለሰባት ሰዓት ከጉበት በስተቀር ምንም አላሰብኩም። እጄ ሲንቀጠቀጥ በሌላው ያዝኩት፤ ዓይኔ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ኦገስት 10፣ ማክሰኞ

ጌዴዎን እየሮጠ መጣ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ ማስኩ አገጩ ላይ።

«ዘጠና አንድ ፐርሰንት! ዶክ፣ አንቺና ማሽኑ ዘጠና አንድ ፐርሰንት ትስማማላችሁ! ያለቀለት ነገር ነው፣ ጻፊው!»

አቀፈኝ፤ ከዚያ ክልክል መሆኑን አስታውሶ ለቀቀኝ።

«እና ደግሞ፣ ሶሪ፣ ሰባት ቁጥር። ፕሮግራሙ ነው ብለሽ ነበር አይደል? ሁለተኛውን ምስል ነው የቀላቀልኩት። ሳታውቂ አንቺም ሦስት ሰጠሽው። ያልሽውን እይ።»

ወረቀቱን አስቀምጦልኝ ወጣ። ቤት ይዤው መጣሁ። የጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ዘንበል ያለው፦

«31ኛ ምስል። ጉበቱ ከኩላሊቱ በግልጽ ነጥቷል። ሸካራ። ዳርቻው መጎርበጥ ጀምሯል። ደረጃ ሦስት። ገና የሚመለስ ነገር አለ፤ አይዘገይ። ታካሚው ስለ መጠጥ በግልጽ ይጠየቅ፤ በቁጣ አይደለም።»

«በቁጣ አይደለም።» ይህን ለማንም ታካሚ ጽፌ አላውቅም። ስድሳዎቹን ሁሉ አገላበጥኩ፤ ሌላ አንድም ላይ የለም።

ያን ሰዓት አውቄው ነበር? እልፍ ጉበት አይቻለሁ፤ የራሴን ግን ከጎረቤቴ ጉበት አልለየውም። አላወቅሁም። አላወቅሁም መሰለኝ።

ምክንያት ፈለግሁ። ጾሜ ነበር የሚለው አይሆንም፤ የጾመችው ምስሉን ያነበበችዋ ናት እንጂ የተነሳችዋ አይደለችም። ጄሉ፣ አቅጣጫው፣ ብርዱ። ፕሮግራሙን መክሰስ ይቻላል፤ አንባቢዋን ግን አውቃታለሁ። በጃንዩዋሪ ስለ እሸቱ እንድትሳሳት ተንበርክኬ የለመንኳት ሴት ናት። አልተሳሳተችም።

ቁምሣጥኑ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ አለ። አንዱ ከጃንዩዋሪ ወዲህ አልተነካም። ለሁለት ሰው የሚበቃውን በአንዱ ስጠጣ ከርሜ፣ «ለወጥ» እያልኩ ለማን ነው የምጽፈው? የሚያነበው የለም ብዬ የጀመርኩት ደብተር ላይ ዋሸሁ።

ኦገስት 11፣ ረቡዕ

ጠዋት ለኖምቩላ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች። «መቼ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው ስጠብቅ የነበረው።» በአንድ ጊዜ ማቆም አደጋ እንዳለው ሁለታችንም ስለምናውቅ እጄን ይዛ ወደ ሠራተኞች ሐኪም ወሰደችኝ። መድኃኒት ተሰጠኝ። ማታ ቤቴ መጥታ ጠርሙሶቹንና አናናሱ የተጠመቀበትን ባልዲ አወጣች። «ዳቦው የት አለ?» አለችኝ እርሾውን አይታ።

ከሰዓት ጌዴዎን ደውሎ ነበር።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ኦ፣ ታንክ ጎድ። ምን አለ?»

«መጀመሪያ ፕሮግራሙ ነው አለ።»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት። ከዛስ?»

«ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ስሙን ከጤነኞቹ ዝርዝር አውጣው፣ ጌዴዎን። ወደ ታማሚዎቹ አዛውረው።»

«አንቺ ነሽ ስሙን የምታውቂው፣ ዶክ፤ እኔ ቁጥሩን ነው የማዛውረው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በአማርኛው ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፦ «ይጠንቀቁ እሺ?» አለኝ።

ኦገስት 19፣ ሐሙስ

የጉበት ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው የምልከው እዚህ ነው፤ የመጠበቂያው ወንበር ይህን ያህል ጠንካራ መሆኑን የነገረኝ የለም። ነጭ ጋውኔን መሳቢያዬ ውስጥ ትቼ ወጣሁ።

አቶ አቢሶ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፣ ለክትትል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ዶክተር! ለሥራ መጡ?»

በጣም ጥሩ መውጫ ነበር። አዎ ብል ያልቅ ነበር።

«ለሕክምና ነው፣ አቶ አቢሶ። ጉበቴን ታምሜ።»

«ቫይረሱ?»

«አይደለም። መጠጥ።»

ነርሷ የሌላ ሰው ስም ጠራች። አቶ አቢሶ ፌስታላቸውን ከአጠገባቸው ወንበር ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡና ቦታውን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ። በመካከላችን ክፍት መተው ያለበት ወንበር ነው፤ ሕጉን ጥሼ ተቀመጥኩበት።

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ» አሉ፣ እንደ ሱቅ ሰው ክብደቱን እየመዘኑ። ከዚያ ከማስኩ ሥር ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «እርስዎ እንኳ ደብዳቤ አያስፈልግዎትም።»

ሳቅሁ። ከጃንዩዋሪ ወዲህ እንዲህ አልሳቅሁም፤ አንዲት ሴትዮ ዞራ አየችን። እሳቸውም ሳቁ። የእሳቸው ደብዳቤ ተነቦ ዱካሞ በጉባኤ ፊት ይቅርታ እንደጠየቃቸው ነገሩኝ። ጎጎ ግን ደብዳቤ የሚባል ነገር አልጠየቀችም፤ ከወንበሯ ሳትነሳ «ክኒንህን ውሰድ» ብቻ ነው ያለቻቸው።

ነርሷ ፎርም አመጣችልኝ። የማውቀው ፎርም ነው፤ የጥናቱን የቀዳሁት ከእሱ ላይ ነው። አራተኛው ጥያቄ፦ «በሳምንት ስንት መጠጥ ይወስዱ ነበር?» መልሱ የሚሞላበት አንድ ትንሽ ሳጥን። ባለፈው ጊዜ፣ በጥናቱ ፎርም ላይ፣ «አልፎ አልፎ» ብዬ ስሞላው ጽሑፉ ከሳጥኑ ጠርዝ ወጥቶ ነበር።

ዛሬ ቁጥር ጻፍኩ። ሁለት አኃዝ ነው። አቶ አቢሶ አላዩም፤ ጣሪያውን እያዩልኝ ነበር።